የሻምበል ጾም

አንኮበር ውስጥ ውሻ ሞልቷል፤ ስም ያወጣው ግን የመምሬ ገብረ ጻድቅ ውሻ ሻምበል ብቻ ነበር። ዝናው በመናከስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚናከስ ውሻ በየደጁ አለ። ሻምበል ስም ያወጣው በመጾም ነው።

ወሬው የተወለደው እንዲህ ነው። መምሬ በዐቢይ ጾም ለቅዳሴ ሲገቡ ሻምበል እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ይከተላቸውና እዚያው ተጋድሞ ይጠብቃቸዋል። ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሲያልቅ አብረው ወደ ቤት ይመለሳሉ። መምሬ ይቀምሳሉ፤ ለእሱም ከመሶቡ ቆርሰው በእጃቸው ያጎርሱታል። ከቤቱ ሰው እጅ በቀር ከማንም አይቀበልም ነበር። አንድ ዓርብ ገበያ መሀል አንድ ቀልደኛ አጥንት ከየትም አምጥቶ ወረወረለት። ሻምበል አጥንቱን አየ፤ ቀና ብሎ መምሬን አየ። መምሬ «ተው» አሉት፤ ተወው። በቃ፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ውሻው ጿሚ ሆነ።

መምሬ መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር። «እኔ ሳልበላ ማን ያበላዋል? ሳይወድ በግዱ እኮ ነው የሚጾመው» ይሉ ነበር። እያደር ግን ሳቃቸው ቀነሰ። እንግዳ ሲመጣ ውሻውን ማሳየት፣ የአጥንቱን ነገር ማውራት ወደዱ። ማን ይፈርድባቸዋል፤ ደግ ካህን ቢሆኑም ሰው ናቸው።

መምሬ ሲያርፉ ሚስታቸው ቆብ ደፍተው እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ተባሉ። ልጃቸው ማኅደረማርያም ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ስለምትሠራ ቤቱ ለእማሆይና ለሻምበል ቀረ። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ የሟቹን ስም የሚያነሣ እየጠፋ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ግን ሰው ሻምበልን ሲያይ ቆም ይልና «የመምሬ ውሻ አይደለም እንዴ? አሁንም ይጾማል?» ይላል። እማሆይም «ይጾማል» ይላሉ። በዚያች ጥያቄ ባላቸው ለአፍታ በሕይወት ያሉ ይመስላቸዋል። ያቺን ጥያቄ ምን ያህል እንደሚወዷት ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም በገባ በሰሞኑ ሻምበል ታመመ። የበላውን እንጀራ ያስመልሰዋል። ሽሮ ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀ። ማኅደረማርያም እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ስታየው ደነገጠች፤ ወዲያው ወጥታ አንድ የእንስሳት ሐኪም ይዛ ተመለሰች። ሀብታሙ ይባላል። አገሩ ሌላ ነው፤ ለሥራ የመጣ በመሆኑ የሻምበልን ዝና አልሰማም።

ሀብታሙ የውሻውን ሆድ ዳበሰ፣ ጥርሱን ገልጦ አየ፣ ከዚያ «ምንድነው የሚበላው?» አለ።

«እኛ የምንበላውን» አሉ እማሆይ።

«እሱ ነዋ የጎዳው። አርጅቷል፤ ሆዱ እህል አልችል ብሏል፤ በርበሬና ጨውማ ጭራሽ። እንጀራውንም ሽሮውንም ያቁሙለት። ጥሬ ሥጋ ይስጡት፣ ደቀቅ አድርገው ከትፈው፤ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ፣ እያደር ጨመር እያደረጉ። ጉበትም ጣል ያድርጉበት። ብቻ ከታመመ በግ እንዳይሆን። ይነሣልዎታል።»

«እሺ፤ ከፋሲካ በኋላ» አሉ እማሆይ።

ሀብታሙ የቀለዱ መስሎት ነበር። ፊታቸውን ሲያይ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። «ከዛሬ ነው እንጂ እማሆይ። በዚህ አያያዙ ፋሲካን አያይም» አለና ሄደ።

እናትና ልጅ ለብቻቸው ቀሩ።

«እማዬ፣ ውሻ አይቆርብ፤ ምን ጾም አለው?» አለች ማኅደረማርያም።

«አባትሽ ያስለመደው ነው።»

«አባዬ ቢኖር በገዛ እጁ ከትፎ ያበላው ነበር።»

«በሁዳዴ በመነኩሲት ቤት ሥጋ ሲከተፍ ሰው ምን ይላል?»

«እንግዲያው የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸዋ።»

እማሆይ ይህን አልፈለጉም። የንስሐ አባታቸው አባ ኪዳነወልድ ምን እንደሚመልሱ አሳምረው ያውቃሉ፤ «ስጪው» ነው የሚሉት። ያልጠየቋቸውም ለዚሁ ነው። «ስጪው» ከተባሉ ሊሰጡት ነው፤ ከሰጡት ደግሞ የመምሬ ውሻ በሁዳዴ ሥጋ በላ ሊባል ነው። ከዚያ በኋላ ቆም ብሎ የሚጠይቃቸው ማን ይኖራል? ማኅደረማርያም ተኮሳትራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሆኖም አላስቻላቸውም። ሻምበል ውኃውን ልሶ ቀና ሲል የሚያያቸው አስተያየት አንጀታቸውን በላው። አንድ ጠዋት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ደብረ ብርሃን ሄዱ። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሁሉ ለጾሙ ተቆልፏል። ክፍት የነበረው የአንድ ሽማግሌ ሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር። እማሆይ ከዚያ በፊት በበሩ አልፈው እንደሆነ እንጂ ገብተው አያውቁም።

«እማሆይ፣ ቤት ተሳስተው እንዳይሆን» አሉ ሽማግሌው በትሕትና።

«አልተሳሳትኩም። ውሻ ታሞብኝ ነው።»

ሽማግሌው አልሳቁባቸውም። ጮማውን ለይተው ቀዩን ቆረጡላቸው፤ ከጉበቱም መረቁላቸው። «አላህ ያሽርልዎት» ብለው በፌስታል ቋጥረው ሰጧቸው። እማሆይ ፌስታሉን ዘንቢላቸው ሥር ከተቱና ከላይ ጥቅል ጎመን ደረቡበት። ደስ ብሏቸው ነበር። ቤት ሲደርሱ በር ዘግተው እንዴት እንደሚከትፉለት፣ መጀመሪያ ጉበቱን እንደሚያቀምሱት፣ ሁሉን እያሰቡ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ።

አጠገባቸው ማን ትቀመጥ? ደመቀች። ደመቀች ጎረቤታቸው ናት፤ ልቧ ንጹሕ ነው፣ አፏ ግን ዕረፍት የለውም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሻምበል ጾም እያወራች መንገዱን አጋመሱት። መኪናው ሲያንገጫግጫቸው ከዘንቢሉ ሥር ቀይ ነገር ጠብ አለ። ደመቀች ጎንበስ ብላ አየችው።

«ምንድነው ይኼ እማሆይ?»

«ቀይ ሥር ነው» አሉ። ቆብ ከደፉ ወዲህ የመጀመሪያ ውሸታቸው ነበር።

«ሳይቆረጥ እንዲህ ይፈስሳል እንዴ?» አለች ደመቀች። ነገር ፍለጋ አይደለም፣ እንዲሁ ገርሟት ነው።

እማሆይ «ወራጅ አለ» አሉ።

የወረዱት ከቤታቸው ርቀው፣ ነፋስ ብቻ በሚያፏጭበት ሜዳ ላይ ነው። ሌላ መኪና እንዳይጠብቁ በውስጡ ሌላ ደመቀች አትጠፋም። በእግር እንዳይገቡ ወደ ከተማው ሲቃረቡ መንገዱ ሰው አለበት፤ ዘንቢሉ ያንጠባጥባል። ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ፌስታሉን አወጡና ከመንገዱ ዳር ጣሉት። ከማዶ ካለ ጎጆ ሁለት የማያውቋቸው ውሾች እየሮጡ መጥተው ተሻሙበት። ከሁሉ አስቀድመው ጉበቱን በሉት። እማሆይ ቆመው እያዩ አለቀሱ፤ ሊያባርሯቸው ግን አልተንቀሳቀሱም።

ቤት ሲደርሱ ሻምበል ጭራውን እየጎተተ ተቀበላቸው። እጃቸውን አሸተተ፤ የሥጋው ሽታ ስላለቀቃቸው ደጋግሞ ላሰው። እማሆይ ዳቦ በውኃ አርሰው ሰጡት። ለእሳቸው ሲል በላው፤ ጥቂት ቆይቶም አስመለሰው። እማሆይ ያንን ዕለት ሲያስታውሱ እስከ ዛሬ እጃቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

እንዲያም ሆኖ ሻምበል ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወም ነበር። እየቆመ፣ እየተንገዳገደ ይከተላቸዋል። በር ላይ ሰው «አይ ሻምበል፣ ጾሙ አከሳህ» ይለዋል። እማሆይም ይሰማሉ። እየሰሙም አልፈው ይገባሉ።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሐሙስ ዕለት እማሆይ ከስግደት ለጥቂት አረፍ ብለው ወደ ቅጥሩ በር ሲወጡ የሻምበል ቦታ ባዶ ነበር፤ ከቤት መነሣት አቅቶት ቀርቷል። ያን ጊዜ የሰው ወሬም፣ የመምሬ ዝናም፣ ቆቡም ከልባቸው ወጣ። ስግደቱን ትተው ከከተማው በታች ወዳለ ወደሚያውቁት አንድ ሙስሊም ቤት ሄዱና ሥጋ ለመኑ። የሰጧቸውንም በሣህን ይዘው፣ ምንም ሳይከድኑበት፣ በዋናው መንገድ ወጡ። ሰው አየ፤ ማየቱን ይየው አሉ። ደመቀች «እማሆይ ምን ነካቸው» እያለች ከኋላ ከኋላቸው ተከተለች።

መምሬ ካረፉ ወዲህ ሥጋ ያልነካውን መክተፊያ አውርደው፣ እንደ ሐኪሙ አነጋገር አድቅቀው ከተፉ። ሻምበል ከመደቡ ሥር ተጋድሟል። እማሆይ አጠገቡ ቁጭ ብለው ሥጋውን በመዳፋቸው ያዙለት።

«ብላ የኔ ጌታ። በሞቴ፣ ብላ።»

ሻምበል አሸተተው። ሊቀምስ አፉን ከፈት አደረገ፤ መንጋጋው ግን አልታዘዝ አለው። ምላሱ እንኳ አልተነሣም። ሥጋውን አየ፣ ቀና ብሎ እማሆይን አየ፤ ከዚያ ፊቱን ዞር አደረገና አገጩን መሬት ላይ አሳረፈ። እማሆይ ገባቸው። አቅም ያለቀበት እንስሳ እንዲህ እንደሚያደርግ ከብት ባለበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ደመቀች ግን በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። «በሕማማት አልነካም አለ» አለች ቀስ ብላ።

ሻምበል በማግስቱ ስቅለት ዕለት ሞተ። ማኅደረማርያም መጥታ ከጓሮ ቀበረችው፤ እናቷን አልወቀሰችም። ወሬው ግን ከቀብሩ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ሥጋ በእጅ ቀርቦለት ፊቱን ያዞረ፣ ስቅለት ዕለት ያረፈ ውሻ። አንዳንዱማ ሲያዞር እንባ ከዓይኑ ወርዷል ብሎ ጨመረበት። የፋሲካ ሰሞን የእማሆይ ቤት በጠያቂ ተሞላ። መምሬ ከሞቱ ወዲህ ስማቸው እንደዚያ ሰሞን ተነሥቶ አያውቅም። እማሆይ አንገታቸውን ደፍተው የሚባለውን ሁሉ ሰሙ።

የዳግም ትንሣኤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ አባ ኪዳነወልድ ተነሡ። ዳቦው ተባርኮ እየተቆረሰ ነበር። አባ ስለ ጾም አስተማሩና በመጨረሻ ሻምበልን አነሡ። እኛ በአእምሮ የተፈጠርን በሁዳዴ ምግቡ አማረን እያልን ስናጉረመርም፣ አእምሮ የሌለው እንስሳ ግን ይህን አደረገ አሉ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እማሆይ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አባ፣ አልጾመም» አሉ።

ሁሉም ዞር ብሎ አያቸው።

«ርቦት ነው የሞተው። ሐኪሙ ጥሬ ሥጋ ይስጡት ብሎኝ ነበር። እኔ ሰውን ፈርቼ፣ የመምሬ ስም ይጎድፋል ብዬ ከለከልኩት። ገዝቼለት ደግሞ መንገድ ላይ ለሌላ ውሻ ጣልኩት። ኋላ ስሰጠው መዋጥ አቃተው እንጂ እንቢ አላለም። በረሃብ የገደልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ብጠይቅዎት ምን ይሉኝ ነበር አባ?»

 «ስጪው ነበር የምልሽ» አሉ አባ ኪዳነወልድ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወደ ሰዉም ዞረው «አያችሁ ልጆቼ፤ ሰው ሲከብር ራሱን እንዲህ ያዋርዳል። ትሕትና ማለት ይኸ ነው» አሉ።

ደመቀች እልልታውን አቀለጠችው፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። እማሆይ እልልታው እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ። ደመቀች ክንዳቸውን ደግፋ አስቀመጠቻቸውና ትከሻቸውን ሳመች።

«ርቦት ነበር እኮ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው።

«አዎ እማሆይ፣ ረሃቡን ችሎት ነው እንጂ» አለች ደመቀች።

ዳቦው ዞሮ ደረሳቸው። እማሆይ በመዳፋቸው ይዘው አዩት፤ ሊቀምሱ ወደ አፋቸው አስጠጉና መልሰው አወረዱት። ሰው ሁሉ በልቶ እስኪጨርስ ቁራሹ እንዳለ እጃቸው ላይ ነበር። ከጎናቸው የተቀመጡት ሴቶችም ተያዩና፣ እማሆይ በፋሲካውም እየጾሙ ነው ተባባሉ።