የተዋሰችው ቅዝቃዜ

ልደት ስለ ነፋስ ኃይል ማመንጫ ማውራት ከጀመረች ማን ያስቆማታል? የሐረር ልጆች ፊዚክስ የሚማሩት ከእሷ ነው። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን የመረጠችውም ይህንኑ ነበር፦ እጅግ የቀዘቀዘ ሱፐርኮንዳክተር ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት ያሳልፋል፣ ኃይለኛ ማግኔት ይሆናል፣ የነፋስ ማመንጫውን ግዙፍ ጀነሬተርም ያቀለዋል። ጣጣው ማቀዝቀዙ ላይ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ የምታውቀው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው፤ ላም አዳቃዩ ሙክታር ዘንድ።

ሙክታር ፈላና በር ሰፈር አብሯት ያደገ ነው። የውጭ ኮርማ ዘር የሚያቆይበትን ታንክ በባጃጅ አምጥቶላት፣ ስብሰባ ስላለበት ቸኩሎ ሄደ። ዘሩ ከታች ስላለና ናይትሮጅኑ ከጎደለበት ስለሚበላሽ ከግማሽ በላይ እንዳትቀዳ አደራ አላት። እሺ አለችው።

ናይትሮጅኑን ጥቁሯ የሱፐርኮንዳክተር ቁራጭ ላይ ስታፈስ፣ ትንሿ ማግኔት ከላይዋ አየር ላይ ቆመች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባ የማይወድ የለም፤ የልደት ግን ይብሳል። አርፍደው የመጡ እንግዶች ድገሚልን አሏት፤ ደገመች፤ ሠለሰች። ማግኔቷ በወደቀች ቁጥር፣ «አያችሁ? ቅዝቃዜው ለአፍታ ከተቋረጠ ሁሉ ነገር አለቀ» ትላለች። በመጨረሻ ታንኩን ብታዘነብለው ጠብ የሚል ጠፋ። እንዳላየ ሰው ክዳኑን ገጠመችው።

ታንኩን ልትመልስ ሙክታር ቢሮ ስትደርስ አባ ዓብዱላሂ ተቀምጠዋል፤ የተማሪዋ የሙና አባት ናቸው። ላማቸው ከጠዋት ጀምሮ ኮርማ ፈልጋለች፤ ዛሬ ካለፋት ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ሙክታር ታንኩን ከፍቶ አየ። ወደ ልደት እንኳ ሳይዞር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ክዳኑን በደንብ ሳልገጥም ቀርቼ ዘሩ ሁሉ ተበላሽቷል አላቸው።

ሽማግሌው ተቆጡ። «ወላሂ፣ ሙና ቅድም ከእኚህ አስተማሪ ተምራ መጥታ፣ ቅዝቃዜ ለአፍታ ከተቋረጠ ሁሉ ነገር አለቀ ስትለኝ ነበር። ልጅ ያወቀውን አንተ እንዴት አታውቅም? ሂድና ከእሳቸው ተማር።»

ልደት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሙክታር ዝም በይ በሚል ዓይን አያት።

«እኔ ነኝ ያፈሰስኩት» አለች። «ለጭብጨባ ብዬ።»

እንዲሰድቧት ጠበቀች። ሽማግሌው ግን ፊቷን ላለማየት አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸው አፈሩላት። ከዚያ ተነስተው በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ለሙና አይንገሯት» አሉ። «ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም።»