አራት ነን

«ልጅ ያበዛ ሰው አያስገቡም አሉ።»

አለነ ይህን መጀመሪያ የተናገረው ወፍጮ ቤት ነው። አለነ ከገንዳ ውሃ ጎንደር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ወሬንም እንደ ተሳፋሪ ከወንበር በላይ ይጭናል። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ደገመው። «ጣና ዳር የተከፈተው አዲሱ ሎጅ፣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሞ ይቆጥራል አሉ። ልጅ ከሁለት ካለፈ ‹ሠርግ ነው ወይስ ሽርሽር?› ብሎ ይመልሳል አሉ።» በሦስተኛው ቀን ወሬው ጥርስ አብቅሎ መጣ፤ አንድ የቋራ ባለሀብት ከነስድስት ልጁ ተመልሶ አዘዞ መናኸሪያ አድሯል። ማን እንዳየው ሲጠየቅ ግን «አሉ ነው እንግዲህ» ይላል፣ መሪ እንደሚያዞር ሰው እጁን እያወዛወዘ።

ሌላው ሰው ስቆ አለፈው። ከገንዳ ውሃ ተነስቶ ጣና ዳር ለማደር የሚሄድ ማን አለና! አሰበች ግን አልሳቀችም። ዱቄቷን ተሸክማ ወደ ቤቷ ስትመለስ ወሬው ከዱቄቱ በላይ ከበዳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሰሊጡ ያማረ ነበር። ዝናቡ በጊዜው መጣ፣ በጊዜው ሄደ፤ ለአጨዳ የቀን ሠራተኛ አልጠፋም፤ ነዶው ሳይረግፍ ተራገፈ። ባሏ አዛናው ደስ ብሎት፣ «በይ ዘንድሮ የልብሽን ተናገሪ። ፍሪጅ ነው? ሶፋ ነው?» አላት። እሷም ያን ያህል ዓመት አፏ ውስጥ ይዛው እንደኖረች ሁሉ፣ «ጣና ዳር አንድ ሌሊት» አለችው። «ሁላችንም። በአንድ ቤት።»

አዛናው ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

አሰበች ደንቢያ ነው የተወለደችው፣ ከሐይቁ አፋፍ። አባቷ አንድ ክረምት ሰሊጥ ሊያርም ወደ ቆላ ሲወርድ የስምንት ዓመት ልጁን አስከትሎ ወረደ፤ ለአንድ ክረምት ተብሎ የወጣ ሰው እዚያው መሬት ይዞ ቀረ። ሐይቁን ከዚያ ወዲህ አላየችውም። የሰው አገር አይደለም፣ ማዶ አይደለም፣ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ግን ማረም አለ፣ ማጨድ አለ፣ መውለድ አለ። በበጋ ሌሊት ከወደ ደጋው ነፋስ ሲመጣ አሁንም ፊቷን ወደዚያ ታዞራለች። የውሃ ሽታ ይኑረው አይኑረው እንጃ። ለእሷ አለው።

ገንዳ ውሃ ላይ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ሰው የሚተኛው ግቢው ውስጥ ነው፤ ቤት ውስጥ ሙቀቱ አያስተኛም። የእነ አሰበችም ከሱዳን ድንበር ከገላባት የተገዙ የገመድ አልጋዎች ከበሩ እስከ ጓሮው ተደርድረው ያድራሉ። ሁልጊዜ ከመተኛቷ በፊት ከዳር እስከ ዳር ትሄድና የእያንዳንዱን አልጋ እግር በእጇ ነካ ታደርጋለች። መቁጠሯ አይደለም። ልጅ አይቆጠርም፤ በቁጥር የተጠራ ልጅ ይጎድላል ብላ እናቷም አያቷም ሲፈሩ ነው ያደገችው። የጤና ጣቢያዋ ሴት መዝገብ ይዛ፣ «እትዬ አሰበች፣ ልጆችዎ ስንት ናቸው?» ስትላት፣ «እሱ የሰጠኝ ያህል» ብላ ትመልሳታለች። እኛ ፍርሃቱ የለብንምና እንናገር፤ ሰባት ናቸው።

ከሰባቱ የበኩሯ ሰርካለም ናት። ፋሲካ ሲያልፍ ልትዳር ነው፤ እጮኛዋ ደምለው የጅቡቲን መስመር የያዘ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱ ድሬዳዋ። ድሬዳዋ ማለት ለአሰበች ካርታ ላይ የሌለ አገር ነው። አንዱ አልጋ ባዶውን ሊያድር ነው። እንግዲህ አንድ ሌሊት ያለችው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ሳይበተን፣ ውሃው አጠገብ፣ አንድ ጣሪያ ሥር።

«ለመኝታ ብር?» አለ አዛናው በማግስቱ፣ ሌሊቱን ሲያብላላው አድሮ። «የምንተኛበት አጥተን ነው? ያክስትሽ ልጅ አለምነሽ እዚያው ሐይቁ ዳር ቤት አላት። እሷ ዘንድ እንደር።»

«አለምነሽ ቤት ከሄድኩ በቀጥታ ወጥ ቤት ነው የምገባው። ጭስ ልታጠን ነው ደንቢያ ድረስ የምወጣው?»

«እንግዳ ነሽ እኮ።»

«ልጅ ያስከተለች ሴት የትም እንግዳ ሆና አታውቅም። አንድ ሌሊት ‹እማዬ ተነሺ› የሚለኝ ሳይኖር መተኛት ነው ያማረኝ።»

«ለዘጠኝ ሰው ስንት ክፍል እንደሚይዝ—»

«አትቁጠር!» አለች አሰበች።

ሰርካለም ከበሩ ተደግፋ ሰሊጥ እያነፈሰች ትሰማ ነበር። «አባባ» አለች፣ «አምና ትራክተሩ የተሰበረ ጊዜ አብደራፊ ወርደው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆቴል ያደሩት ለአንድ ብሎን ነበር። እማዬ ከብሎን ታንሳለች?»

«አንቺ ምላስሽን ይዘሽ ድሬዳዋ ስትገቢ ነው እኔ የማርፍ።»

«ያርፋሉ! ቤቱ ጭር ሲል ‹የት ሄደች ያቺ ለፍላፊ› እያሉ ጆሮዎን በራስዎ እጅ ሲያሹት ይታየኛል።»

ቀልድ ነበር። አዛናው ጆሮውን ሊያሽ የዘረጋውን እጅ መለሰ። «ደውሉ እስኪ» አለ።

የደወለችው ሰርካለም ናት። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ቀሪውን ስኳርና ጨው በሚጠቀለልበት ጋዜጣ የተማረች ናት፤ እናትና አባቷ ጽሑፍ ያለበት ነገር ባጋጠማቸው ቁጥር የሚጠሯት እሷን ነው። ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከወዲያ አንዲት ልጅ ለስለስ ባለ ድምፅ ሰላም አለቻቸው፤ ቀኑን ጠየቀች፤ ቀጥላም፣

«ስንት ናችሁ?» አለች።

ሰርካለም አፏን ስትከፍት አሰበች ክንዷን ያዘቻት። ሁለት ፍርሃት በአንድ ጊዜ ነው የመጣባት። አንዱ የእናቷ ነው፣ ቁጥሩ። ሌላው የአለነ ነው፣ ዘበኛው። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «አራት ነን» አለች።

«አራት ከሆናችሁ ሁለት ክፍል ይበቃችኋል። ምናልባት ልጆች በዛ ካሉ ደግሞ እኛ ጋ—»

«አልበዙም። አራት ነን አልኩሽ የኔ እህት።»

«እሺ እናቴ» አለች ልጅቷ። ተመዘገበ።

ሰርካለም ስልኩን ዘግታ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። «እና አምስታችንን የት ጣልሽን?»

«ሲመሽ ትገባላችሁ።»

«በአጥር? እንደ ዶሮ ሌባ? እማዬ፣ እኔ ሙሽራ ነኝ። በበር ካልገባሁ ውሃውን ከውጭ አየዋለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መልሼ ደውዬ እውነቱን ልንገራቸው?» አለች።

«ተይ! ሁላችንንም ቢመልሱንስ? ደግሞስ አንዴ አራት ብያለሁ። ውሸታም ተብዬ ልግባ?»

ልጅቷ ኩራቷን ከማን እንደወረሰች የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ ይኸው ነው። እናትና ልጅ ሁለቱም አልተረቱም፤ የተረታው ያ አንድ ሌሊት ነው። አሰበች፣ አዛናውና ሁለቱ ትንንሾች ሎጁ ሊያድሩ፣ ሰርካለም፣ ታናሽ ወንድሟ ባየልኝና ሌሎቹ ሦስቱ አለምነሽ ቤት ሊያድሩ ተስማሙ።

በጥር መጨረሻ መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን ሄዱ። እስከ አዘዞ ያደረሳቸው አለነ ራሱ ነው። የአይከልን አቀበት ሲወጣ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ፣ «እትዬ አሰበች፣ ነግሬዎታለሁ፣ በር ላይ ይቆጥራሉ አሉ» አለ።

«አንተ መንገዱን እይ» አለችው ሰርካለም፣ «ስንት ጉድጓድ እንዳለፍክ ቁጠርልን።»

ሎጁ በር ላይ ዘበኛ ነበረ፤ አልቆጠረም። የትንሿን የፍቅርአዲስን ጉንጭ ነካ አድርጎ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ! እናንተ ብቻ ናችሁ?» አለ።

አሰበች ዘወር አለች። አምስቱ ልጆቿ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው የሐይቁን ባሕረ ሰላጤ ዳር ይዘው ወደ አለምነሽ ቤት እየሄዱ ነበር። ሰርካለም ከፊት፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ አንዴም ሳትዞር።

«እኛው ነን» አለች።

ክፍሉስ! አልጋው ሰፊ፣ አንሶላው ከደመና የነጣ፣ መስኮቱ ሲከፈት ሐይቁ ተነስቶ የሚገባ የሚመስል። ጠረጴዛው ላይ ሥዕል ያለበት ወፍራም ወረቀት ተቀምጧል፤ አሰበች ከሙቀት አገር የመጣች ናትና አንስታ ልታራግብበት ቃጣት፤ ለካ እዚህ አየሩ ብርድ ነው፤ ወረቀቱን ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችው። አዛናው አልጋው ላይ ተቀምጦ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ። «ይሄ ያሰምጣል እንጂ ያስተኛል?» አለ፤ ግን አልተነሳም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አሰበች በረንዳው ላይ ቆመች። ውሃው እንደተወችው ነው። ያው ሽታ፣ ያው ደንገል ሲንሿሿ የሚሰማ ድምፅ፤ የጎደለ ነገር የለውም፤ የጎደለው ከእሷ ወገን ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የአለምነሽ ቤት ቆርቆሮ በመጨረሻው ብርሃን አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። እዚያ አምስቱ ከመሬት ቆዳ ተነጥፎላቸው ይሆናል።

ትንንሾቹ ከእሷ ተለይተው ሌላ ክፍል አንተኛም አሉ። አራቱም በአንድ አልጋ ተኙ። ሁለተኛው ክፍል እንደተከፈለበት ባዶውን ሊያድር ነው። አሰበች ከመተኛቷ በፊት ቁልፉን ይዛ ገባች። ሁለት አልጋ፣ ተጣጥፈው የተቀመጡ ፎጣዎች፣ ማንም ያልነካው ሳሙና። የአንዱን አልጋ እግር ነካች። የሌላውንም ነካች። እጇ ሌሎቹንም መንካት ለምዶ ነበር፤ አልጋው ግን አለቀ።

ጠዋት ማንም «እማዬ ተነሺ» አላላትም። ለዚህ ነበር የመጣችው። ጎህ ሳይቀድ ዓይኗን ገልጣ የሚጠራት ድምፅ ስትጠብቅ ነጋባት።

ረፋዱ ላይ አምስቱ በእግራቸው መጡ። ከአጥሩ ውጭ፣ የዋርካው ጥላ ሥር፣ አለምነሽ የላከችውን የተጠበሰ ዓሣ በሉ። ሰርካለም ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች።

«እማዬ ነይ ግቢ! ያደግሽበት አይደል? ወይስ እሱንም ቁጥር አለው ብለሽ ፈራሽ?»

አሰበች ጫማዋን አውልቃ የልጇን እጅ ይዛ ገባች። ጭቃው በጣቶቿ መካከል ሾለከ። ሁለቱም ወደ ማዶ እያዩ ቆሙ።

«ሁለተኛው ክፍል ማን አደረበት?» አለች ሰርካለም።

«ማንም።»

ለሁሉ ነገር መልስ ያላት ልጅ ጎንበስ ብላ ውሃ ዘገነችና ቀስ አድርጋ በእናቷ ማጅራት ላይ አፈሰሰችው።

ወደ ቆላው ሲወርዱ ሙቀቱ ከነሙሉ ጉልበቱ ተቀበላቸው። አሰበች ያን ወፍራም ወረቀት አውጥታ ለተኛችው ፍቅርአዲስ አራገበችላት። አዛናው ጠጋ ብሎ፣ «እሺ፣ አዋጣን አላዋጣንም?» አላት።

«እንዴት ልንገርህ» አለች። «ሁላችንም መቼ ሄድን።»

ፋሲካ አለፈ። ሠርጉ ተበላ፣ ተጨፈረ። ሰርካለም ከመኪናው መስኮት እየቀለደች፣ ዓይኗን ግን በነጠላዋ እየጠረገች ሄደች። መንገዱም ተዘጋ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድሬዳዋ ከስልክ ድምፅ ሌላ የሚመጣባት አገር አልሆነችም። አሰበች የሰርካለምን አልጋ ከተራው አላወጣችውም። ማታ ማታ እግሩን ትነካለች። አዛናውም ጭር ሲልበት ጆሮውን ያሻል።

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያጉረመርም አልጋዎቹን ወደ ቤት እያስገቡ ነበር። አንደኛ ክፍልን የጨረሰችው ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ይዛለች፤ ያ ወፍራም ወረቀት የደብተሯ ሽፋን ሆኗል። አሁን ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የሳሙና ካርቶን፣ የማዳበሪያ ጆንያ።

«እማዬ፣ ስሚኝማ» አለች፤ የሽፋኑን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል።

አሰበች የሰርካለምን አልጋ በአንድ ወገን ይዛ ቆመች።

«ብዙ... ልጆች... ይዘው... ለሚመጡ... ቤተሰቦች... እስከ አሥራ ሁለት ሰው... በአንድ ጣሪያ ሥር... የሚያስተኛ... ሐይቁን የሚያይ... ሰፊ ቤት አለን። ዋጋው... የሁለት ክፍል... ነው።»