ሆድ የሌለው ጊታር

የእኔንና የአዛናውን ጎጆ የሚለየው አንድ የማሽላ አገዳ ግድግዳ ነበር። ከሥራ መልስ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ሲያስተኛ፣ ከወዲያ በኩል ትክ፣ ትክትክ፣ ትክ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ይቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል። የጽሕፈት መኪና ነው እንዳልል ጎጆው ውስጥ የጽሕፈት መኪና የለም። ሌላ ነገር ነው ማለት ደግሞ በ1972 ዓ.ም. መተማ ላይ ያስፈራ ነበር። የኢዲዩ ጦር ከአካባቢው ከተባረረ ዓመታት ቢያልፉም፣ ከዚህ ሆኖ ከድንበሩ ማዶ ካለው ጋር ማን እንደሚነጋገር ሁሉም ይጠረጥራል።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁት የመንግሥት እርሻውን ሠራተኞች ፊደል ላስቆጥር ነው። አዛናው የትራክተር መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ቀድሞ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ጃዝ ይጫወት ነበር፤ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሆቴሉ ሙዚቃውን አቆመ። ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። ሁለታችንም ዝምተኞች ስለሆንን ይመስለኛል፣ እንፈራራ ነበር።

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን አንድ ቅዳሜ የእርሻው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ፈረደ አስጠራኝ። የፊት ጥርሱ አንዱ ስለወለቀ ሲናገር በክፍተቱ ያፏጫል።

"ጓዲት ስመኝ፣ ቃለ ጉባኤ ትይዣለሽ።"

አዛናው ደጃፍ ላይ ሠራተኛው ተሰብስቧል። እስረኛ ወደ ጎንደር የሚወስደው መኪና መንገዱ ዳር ቆሟል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም። አዛናው መሬት ላይ ተቀምጦ ንብረቱ ከፊቱ ተዘርግቷል።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ፈረደ።

"ጊታር።"

"ይሄስ?"

"እሱም ጊታር።"

"ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ጊታር? ያለህ አንድ አፍ!"

"በአፌ አይደለም የምጫወተው፣ ጓድ።"

ሰው ሳቀ። ፈረደ አልሳቀም። አንደኛው ጊታር ቡናማ፣ ሆዱ ትልቅ ነው፤ ሙቀቱ ጀርባውን ሰንጥቆታል፣ ክርም የለውም። ሁለተኛው ቀይና ቀጭን ነው፤ ድፍን እንጨት፣ ሆድ የሚባል ነገር የለውም። ሦስተኛውን የእርሻው የኪነት ቡድን ወስዶታል፤ ከድምፅ ማጉያው ጋር አብደራፊ ከተማ ሄዷል።

"አንተስ ለምን ኪነት አልገባህም?"

"መጋዘኑን ማን ይጠብቅ?"

"ጻፊ። ለአብዮቱ አልጫወትም ብሏል።"

እኔ "መጋዘኑን ማን ይጠብቅ አለ" ብዬ ጻፍኩ። ፈረደ ወረቀቱን አላየም፤ የቅቤ ቆርቆሮ እየከፈተ ነበር። ከውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ አወጣ፤ ከሥሩ ሌላም አለ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ። የሎሪ ሾፌሩ ኢሳ ነው ያመጣልኝ። የጊታር ክር ነው።"

"እዚህ አገር ክር ጠፋ?"

"እንዲህ ያለው የለም።" አዛናው ረዘም አድርጎ ሲናገር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። "ሌላው ክር በድቡልቡል ሽቦ ነው የሚጠቀለለው፤ ጣት ሲሮጥበት ይፋጫል። ይሄ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለ ነው፣ ልስልስ ያለ። ድምፁም አይጮህም። ለጃዝ እሱን ነው የምወደው። ባረጀ ቁጥር ይጥማል፤ እስኪበጠስ አልቀይረውም።"

"የማትቀይረው ከሆነ ይሄን ሁሉ ምን ልታደርገው አመጣህ?"

እኔም በልቤ ይህንኑ ጠየቅሁ።

"ድንበሩ የተዘጋ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ድንበሩ እንደሚዘጋ ማን ነገረህ?"

ፈረደ ዞር ብሎ አባ አምባውን ጠራ። አባ አምባው ለአጨዳ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ማታ ማታ ለሠራተኛው ክራር ይመታሉ።

"እርስዎ ያውቃሉ። ይሄ የሙዚቃ ክር ነው?"

አባ አምባው የሽቦውን አንድ ጫፍ በእግራቸው ረገጡ፣ ሌላውን በእጃቸው ወጥረው ነካ አደረጉት። ዱፍ አለ።

"የክራሬ ጅማት እንኳ ከዚህ ይሻላል" አሉ አፍረው። "ይሄ የታፈነ ነው። ልዋሽ አልችልም፣ ልጄ።"

"እሺ፣ ቀዩን ምታው" አለ ፈረደ።

አዛናው ቀዩን ጊታር አንስቶ መታ። ትክ፣ ትክትክ፣ ትክ።

"ይሄው! ከግድግዳው ሥር ስሰማው የከረምኩት! ይሄ መልእክት ማስተላለፊያ እንጂ ዘፈን ነው?"

"ማጉያ ካልተሰካበት አይሰማም፣ ጓድ።"

"ማጉያው አብደራፊ መሆኑን ታውቃለህ። ጫኑት!"

ሁለት ጠባቂዎች ብብቱን ያዙት። አዛናው ወደ ሽማግሌው ዞረ።

"አባ፣ ክራርዎን ሲቃኙ ጫጫታ ከበዛ ምን ያደርጋሉ?"

አባ አምባው ጥቂት አሰቡና ሳቁ። "ቀንበሩን፣ የላይኛውን እንጨት፣ እነክሳለሁ።"

"ይሄንንም ይንከሱልኝ።"

ሽማግሌው ተንበርክከው አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና የጊታሩን ራስ ነከሱ። ጠባቂዎቹ ላላ ሲያደርጉት አዛናው መታ። ለእኛ ያው ትክትክ ነው። የአባ አምባው ዓይን ግን ተከደነ፤ ትከሻቸው ቀስ ብሎ መነቅነቅ ጀመረ።

"አባ አምባው!" ፈረደ ጮኸ።

ሽማግሌው ጊታሩን ለቀቁት። "ኧረ ጉድ! ዘፈኑ ለካ ውስጡ ነው! ጭንቅላቴን ሞላው። ለእናንተ አይሰማም?"

"ተመካክራችኋል።"

"እኔ ሰሊጥ አጫጅ፣ ከሱ ጋር የት ተዋውቄ? ጥርስ የለህም? አንተም ንከሰው!"

"አንዱ ጎደለው እንጂ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ማነው እሱ?" ፈረደ መኪናውን አየ፣ ጊታሩን አየ። "ሁላችሁም ፊታችሁን አዙሩ። አንቺም።"

ፊታችንን ወደ መኪናው አዞርን። ከኋላችን ትክትኩ ተጀመረ። ወደ እኛ ዞሮ የተቀመጠው ሾፌር ብቻ ነበር፤ አፉን ከፍቶ ሲያይ ሲጋራው ጣቱን ፈጀው። ለማጣራት ከሚያስፈልገው በላይ የቆየ መሰለኝ።

"ጻፊ" አለ ፉጨት ያለበት ድምፅ። "ዕቃው ሙዚቃ ነው። የሱዳኑ ሽቦ ይወረሳል። ሰውየው እዚሁ ይቆይ፤ ጉዳዩ ይጣራል።"

መኪናው ባዶውን ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላም ትክትኩ ቀጠለ። እኔ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር ጀመርኩ፤ አንዳንድ ቀን ከትክትኩ በፊት በጎጆዎቹ ጀርባ የሚመጣ ኮቴ እሰማ ነበር። አልጠየቅሁም።

ማሽላው ከታጨደ በኋላ አዛናው ደጃፉ ላይ ቀዩን ጊታር ሲወለውል አገኘሁት። የተወረሰው የቅቤ ቆርቆሮ ከጎጆው ጥግ ተመልሶ ተቀምጧል። የጊታሩ ራስ ላይ የአባ አምባው ጥርስ ምልክት ደብዝዟል። ከጎኑ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ አዲስ የጥርስ ምልክት ሞልቷል።

አዛናው የማየውን አየና ጨርቁን ጣል አደረገበት።

"ገና እየተጣራ ነው" አለኝ።