የተዘለለችው ፎልደር

ሔራን እምቢ ማለት ነበረባት። ግን በዚያ ቀበሌ የዌብሳይትን ሆድ ዕቃ ከፍቶ ማየት የሚችል ከእሷና ከሠሪው በቀር ሰው አልነበረም። ሠሪው ደጀን ደግሞ እጮኛዋ ነው። ነገሩ ከመነሻው አያምርም።

በጎብዬ ዳር የጉድጓድ ውሃ ተጠቃሚዎች ዱሮ ተራ የሚይዙት በዕጣ ነበር። ገበሬው ሁሉ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ እንጨት ምልክት ያዋጣል፤ ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ተጠርቶ ያወጣል። ዘንድሮ ዕጣውን ደጀን ለሠራው የዌብሳይት ፕሮግራም ሰጡት፤ ተራው በየሰኞው በስልክ ይታያል። ሦስት ሰኞ በተከታታይ የሔራን አባት ሙላው አንደኛ ወጡ። የጎረቤታቸው የአስረሳሽ ሽንኩርት ጠወለገ። ሰውም «የአማች ዕጣ» እያለ ያሽሟጥጥ ጀመር።

ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት አላምረው፣ ፕሮግራሙ ያለበትን ላፕቶፕ አቅፈው፣ መርምሪልን ሊሏት ሔራን ኮምፒውተር የምታስተምርበት ክፍል ድረስ መጡ። አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከስክሪኑ ይልቅ እሷን ያዩ ጀመር።

ዋናውን ፎልደር ስትከፍተው ሃያ ሺህ ፋይል አለው። ለአንድ የውሃ ተራ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል አሉ፤ በተለይ ያ ከሁሉ የወፈረው ፎልደር አላማራቸውም። ፍሬምዎርክ የሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ይዞት የሚመጣ የሌሎች ሰዎች ኮድ ነው፣ ደጀን አይነካውም አለቻቸው። የማይነካውን ምን ብሎ ተሸክሞት ይዞራል? እንደ ውሰት በሬ ነው አለች፤ ያርሱበታል እንጂ አያርዱትም። እሺ አሉ፤ ሆኖም ምንም ላይገባቸው ሁለት ሦስቱን አስከፍተው አዩ።

ከዚያ በየፎልደሩ ወሰደቻቸው። እዚህ ለሰው የሚታዩት ገጾች አሉ፤ ይህኛው የመጣውን ሰው ወደየገጹ ይመራል፤ እዚያ ደግሞ ፕሮግራሙ የዋለበትን ይመዘግባል። አንደበቷ ተፍታታ።

«ያችን ዘለልሻት» አሉ አላምረው።

እውነት ነው፣ ዘላታለች። አፕ የምትባለው ፎልደር ናት፤ ደጀን በገዛ እጁ የጻፈው እዚያ ነው ያለው። ፈርታታለች።

«እስቲ ክፈቻት። መንገደኛው የታለ?»

ዕጣ የሚል ፋይል አገኘች፤ ሠላሳ መስመር አይሞላም። ኮምፒውተሩ የማሳ ቁጥሮቹን ይበውዛል፤ እስከዚያ ንጹሕ ነው። ከሥር ግን፣ ከተበወዘ በኋላ አርባ አንድ ቁጥር አንደኛ ይውጣ የሚል አንድ መስመር አለ። አርባ አንድ የአባቷ ማሳ ነው።

ሔራን አፈረች። አባቴ ሽንኩርቱ ካልደረሰ ሠርግ አይደግስም ብላ ለደጀን የነገረችው ራሷ ናት። አላምረው ኮድ አያነቡም፤ ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም።

«ምን ትላለች?» አሉ።

«ሙላው ሁልጊዜ ይቅደም ነው የምትለው፣ ጋሼ።»

አላምረው ታውቅ እንደነበር ጠየቋት። በእግዜር ስም አላውቅም ነበር ብላ ማለች።

«ካላወቅሽ ምን ፈርተሽ ዘለልሻት?»

ይህንኑ ጥያቄ ዓርብ ዕለት የውሃውን ጉዳይ በሚዳኙት ሽማግሌዎች ፊት እንደሚጠይቋት ገባት። ራሷን የሚያድን መልስ ፈልጋ ያገኘችው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ተናገረችው።

«ሳልከፍታትም ደጀንን አላምነውም ነበር።»