ጋሼና መስት

ታላቅ ወንድሜን ጋሼን ከቀበርን ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ ዛሬም ግን ሳስበው ከእንባዬ የሚቀድመው ንዴቴ ነው።

ጋሼ የሆቴል በር ከፋች ነበር። አንዲት እንግዳ «ዩ መስት ዌይት»፣ የግድ ትጠብቂያለሽ፣ ብሎ አዘዘኝ ብላ ከሰሰችው። ሥራ አስኪያጁም ሰኞ እፈትንሃለሁ፣ እንግሊዝኛህን ካላለሰለስክ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ትወርዳለህ አለው። የጋሼ ደረት ደግሞ እንፋሎት አይችልም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ሽፋኑ የወለቀ የሰዋስው መጽሐፍ ከስፌት መኪናዬ ጎን ዘርግቼ ነው። ስለዚህ ማስተማሩ እኔው ላይ ወደቀ። ካን መቻል ነው፣ ኩድ ሲሉት ይለሰልሳል፤ ሜይ ፈቃድ መጠየቂያ፣ ሹድ ምክር ነው፤ መስት ግን ግዴታ ስለሆነ እንግዳ ላይ አይወረወርም አልኩት። ኩድ ያለፈ ጊዜ አይደለም ወይ ብሎ ያዘኝ። ነው፣ ሲለምኑበት ግን የዛሬ ይሆናል አልኩት። ትናንትን ተውሶ ዛሬን የሚለምን ሕዝብ አይቼ አላውቅም አለ።

እሑድ ድካሜ ሁሉ ውኃ ወቀጣ ሆነ። እንግዳውን እንዲቀመጥ ጠይቀው አልኩት።

«ዩ መስት ሲት።»

«ጋሼ፣ እያሰርከው ነው እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ዩ ስል በልቤ እርስዎ እያልኩ ነው።»

«ልብህን ማን ይሰማዋል?»

«የጨዋ ልጅ ይሰማዋል።»

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ተነሣሁ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ራሱ እንግዳ መስሎ፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ ገባ። ጋሼ እዚህ ማጨስ እንደማይቻል በትሕትና ሊነግረው ነው። እንደነገረኝ ከሆነ ኩድም፣ ሜይም፣ ሹድም ተጋፍተው ጉሮሮው ላይ ተሰነቀሩ፤ መስት ብቻ ምላሱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዋጠው። ኮፍያውን አወለቀ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ በሁለት እጁ ወደ ውጭ አሳየው፤ በሩንም ከፈተለት። ሰውየው ሳይታወቀው ወጣ። ደጅ ቆሞ ሲስቅ ቆየና፣ በል በርህ ላይ ሁን አለው።

ማታ ቤት ሲመጣ ስፌቴን ትቼ ተነሣሁ።

«አለፍኩ» አለኝ።

«በየትኛው?»

«በዝምታ።»

ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ካስተማርኩት አንዷን እንኳ አልተጠቀመባትም። ልቆጣው አፌን ስከፍት ሳቄ አመለጠኝ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። እሱ ጫማውን እያወለቀ ውኃ አምጪልኝ አለ፣ ያው እንደ ልማዱ በትእዛዝ። እያጉረመረምኩ አመጣሁለት።