ግራሶ ያጠቆረው እጅ

ወይኒ ካቴናውን ነጭ ጋዝ ባለበት ሳፋ ዘፍዝፋ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ዘለበት በዘለበት ትፈትገዋለች። ብስክሌቷ ሓድነት ሰፈር በሚገኘው ግቢያቸው መሐል፣ ኮርቻዋ ወደ ታች ተገልብጦ ቆማለች። ነገ እሑድ የብስክሌት ውድድር ማጣሪያ ነው፤ ያለፈች ክልሉን ወክላ ትወዳደራለች። ዛሬ ግን ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠዋል።

የላካቸው ይበልጣል የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚስቱ በቁምጣ አስፋልት ላይ እንድትታይ ብቻ አይፈልግም። ይህንኑ ለእናቷ ለወይዘሮ የሺወርቅ ነግሯቸው፣ እሳቸውም ደግ አደረግህ ብለውታል። ወይኒን የጠየቃት የለም። ልጅ ስትዳር ከራሷ በቀር ያልተጠየቀ አይኖርም።

እናቷ በጓሮ በር ብቅ ብለው እጇን ታጥባ እንግዶቹን እንድታስታጥብ አዘዟት። ግራሶው ጥፍሯ ሥር ድረስ ገብቷል። ሳሙናው አጠገቧ ነበር፤ አልነካችውም። ይህን እጅ ያየ ሽማግሌ ዳግመኛ ደጃችንን አይረግጥም አለች በሆዷ።

ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስትገባ እናቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሽማግሌዎቹ ታላቅ የሆኑት አቶ ወልደአማኑኤል፣ ውሃው እየወረደላቸው ጣቶቿን መረመሩ።

«ተባረኪ» አሉ። «የዘንድሮ ልጅ ጥፍሯን ነው የምታሳድገው። ይህቺ ሥራ አትንቅም፤ ልጃችን ታድሏል።»

ሌሎቹ አሜን አሉ። እናቷ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የቤት ሥራ አይደለም ጋሼ» አለች ወይኒ። «የብስክሌቴ ካቴና ነው። ነገ እወዳደራለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጅነት ነው፤ ትዳር ያስረሳሻል። አባትሽ እጃቸውን ታጥበው አብረውን እንጀራ ከቆረሱ ነገሩ አለቀ፤ ነገ ቤት ነሽ።»

ወይኒ ከሽማግሌዎቹ ጎን ወደተቀመጡት አባቷ ዞረች። እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ ብስክሌት ያስተማሯት፣ ካቴና እንዴት እንደሚታጠብ ያሳዩዋት አቶ ፍሰሃ ናቸው። ብሩሹም የእሳቸው ነበር።

«ኣቦይ» አለች።

ቀና ብለው አላዩዋትም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት።

«አፍስሺ ጓለይ።»

አፈሰሰች።

ወደ ጓሮ ስትመለስ ከሳሎን ምርቃቱ ይሰማል። ካቴናውን በጨርቅ አድርቃ፣ ጥርሱ ላይ መልሳ፣ ፔዳሉን በእጇ አዞረችው። እንዲህ ጸድቶ አያውቅም። የኋላው ጎማ ያለ ኮሽታ በፍጥነት ዞረ፤ አየር ላይ፣ ባለበት።