ኢዘዲን ለሞተረኞቹ የገባው ቃል

ቅዳሜ፣ የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ኢዘዲን የቀበሌውን አዳራሽ በር ገፍቶ ገባ። ሰዓቱን የማውቀው ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ስለተጠራና እኔም ከፊት ወንበር ይዤለት በየደቂቃው ስልኬን አይ ስለነበር ነው። የእጁን ግሪስ በቤንዚን አስለቅቆ፣ ከነሽታው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ኦሊ፣ ጀመሩ?" አለኝ።

"እስካሁን አንተን ሲያሙ ነው የቆዩት።"

"ጥሩ። ሲጨርሱ ቀስቅሰኝ።"

እንዲህ ነበር። አሁን የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሶሳ ውስጥ በአንድ ጋራዥ አብረን ሞተር ጠግነናል፤ እሱ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ የሸርቆሌ ልጅ፤ እኔ ኦሊያድ፣ ከወለጋ የመጣሁ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ሕመሙ ነው። እኔ ግን ኢዘዲን ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለኝ የየካቲቱ ሁለት ሳምንት ነው፤ እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

የስብሰባው አጀንዳ አንድ ነበር፤ በከተማው መናፈሻ ውስጥ የሞተር ውድድር ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ። ጥያቄውን ያቀረበው ኢዘዲን ነው። የታክሲ ሞተረኞች ሥራ ሲቀዘቅዝባቸው ወደ ባምባሲ በሚወስደው አስፋልት ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ሌንጂሳ የሚባለው ሞተረኛ እህል ከጫነ መኪና ጋር ተጋጭቶ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የሞተሩን ስብርባሪ በጋሪ ጭነው ያመጡት ወደ እኛ ጋራዥ ነው። ኢዘዲን የተጣመመውን የፊት ጎማ ሲያይ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ ወረወረና ሞተረኞቹን ሁሉ አስጠራ።

"አስፋልቱን ተዉ" አላቸው። "እኔ ቦታ አመጣለሁ። አጥር ያለው፣ መኪና የሌለው። ጾም ሳይገባ አመጣለሁ። ወላሂ!"

የሞተረኞቹ አውራ ጅረኛ የሚባለው ልጅ ነው። እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ "ካላመጣህስ?" አለው።

"ካላመጣሁ እኔ ሰው አይደለሁም።"

"አንተ ሰው ካልሆንክማ እኛም ወደ አስፋልታችን ነን።"

በዚህ ተጨባበጡ። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አልተሽቀዳደመም። በዚያ ዓመት ደግሞ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን ነበር የሚገቡት። ስለዚህ "ጾም ሳይገባ" ሲል የማን ጾም ነው የሚል ክርክር እንኳ አልነበረም። ስብሰባው ሲጠራ የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። መናፈሻው ካልተፈቀደ ልጆቹ ወደ ባምባሲ መንገድ ይመለሳሉ። ኢዘዲን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልነበረው የነገረችኝ ሚስቱ ሂባ ናት። እሱማ ለእኔም አልነገረኝ።

በአዳራሹ መጀመሪያ የተነሱት አንድ መምህር ናቸው። "ቤቴ ከመናፈሻው አጥር ማዶ ነው" አሉ። "ፈተና የማርመው እዚያ በረንዳ ላይ ነው። የሞተር ማርሚታ ጩኸት እየሰማሁ ላርም?"

ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ "መምህር፣ ጩኸት እየሰሙ ካረሙማ ሁላችንም እናልፋለን!" አለ። አዳራሹ ሳቀ።

አንድ ነጋዴ ተነሳ። "ከኩርሙክ ድረስ ሰው ይመጣል። ሻይ ቤቱ ሁሉ ይሞላል!"

"የሚሞላው ሆስፒታሉ ነው!" አለው ሌላው፣ ሳይነሳ።

ሰብሳቢው ሞላ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የስፖርት ባለሙያ ነው፤ ጠረጴዛውን በእስክርቢቶ እየመታ ጸጥ ሊያሰኝ ሞከረ። ጸጥ ያሉት ግን ወይዘሮ ጠጂቱ ሲነሱ ነው። የመናፈሻውን የኒምና የማንጎ ዛፎች ከእድራቸው ሴቶች ጋር ሆነው፣ በጀሪካን ውኃ እየተሸከሙ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ጥላ ያልተቀመጠ የአሶሳ ሰው የለምና ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል።

"እኔ ሞተር አልጠላም" አሉ። "ገበያ የምሄደው በሞተር ነው። ዛፉም ቢሰበር ዛፍ ነው፤ እንደገና እንተክላለን። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ሕፃን ልጅ ኳሱን ተከትሎ ቢገባ፣ እሽቅድምድም የያዘ ሰው ይቆማል?"

ኢዘዲን ብድግ አለ። "እናቴ፣ አንተ ትክክል ነህ። አንተ ፈራህ፣ እኔ አውቃለሁ።"

ከዚህም ከዚያም ሳቅ ተሰማ። ወይዘሮ ጠጂቱ ወደ ሳቂዎቹ ዞሩ። "ምን ያስቃችኋል? ሃያ ዓመት ሙሉ ወንድ እንዳደረገኝ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ፣ እናንተም ልመዱት። እሺ የኔ ልጅ፣ ቀጥል።"

"ሰው ካየ ይቆማል። ልጆቹ የኔ ልጅ ነው። ሰው አይገጭም።"

"ሌንጂሳስ የማን ልጅ ነበር?" አሉት።

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ኢዘዲን ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ሞላ ብልህ ሰው ነው። "እንዲህ እናድርግ" አለ። "በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሞተረኞቹ በመናፈሻው ሦስት ዙር ይነዱና ያሳዩን። ኮሚቴው ቆሞ ያያል። የወይዘሮ ጠጂቱ ጥያቄ ከተመለሰ እንፈቅዳለን፤ ካልተመለሰ ጉዳዩ ተዘጋ።"

ያንን ሳምንት ጋራዣችን ለሌላ ደንበኛ አልሠራም። ኢዘዲን ለማሳየት የተመረጡትን የሰባቱንም ሞተረኞች ፍሬን አውልቆ ቀየረ። ለመምህሩ ብሎ፣ ጩኸታቸው እንዲቀንስ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታቸውን ሁሉ አስተካከለ። ቴዎ የሚባለው ቀጭኑ ሞተረኛ፣ "ኢዙ፣ ድምፄ ከጠፋ እኮ ደንበኞቼ ሞተ ይሉኛል" ብሎ ቢለምነውም አልሰማውም።

ማታ ማታ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ያሠለጥናቸዋል። ችግሩ ልጆቹ ተወዳዳሪ አለመምሰላቸው ነበር። አንዱ እየነዳ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሌላው ዘወር ብሎ የመንገዱን ዳር ያያል። ኢዘዲን በብስጭት ይጮህ ነበር፤ "ግራ አትይ! ቀኝ አትይ! ፊት ብቻ! አሁን ታክሲ አይደለህም፣ ሯጭ ነህ!" ዓርብ ማታ ላይ ሰባቱም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ቀጥ ብለው መንዳት ቻሉ። ኢዘዲን በኩራት ጀርባዬን መታኝ። "አየህ? አሁን ሯጭ ሆነ።"

ቅዳሜ የካቲት 23 መናፈሻው ሞላ። ኮሚቴው በማንጎው ጥላ ሥር ተደረደረ። ወይዘሮ ጠጂቱ ቀይ ጃንጥላቸውን ይዘው መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከአንድ ትልቅ ኒም ሥር ብቻቸውን ቆሙ። "ከቅርብ ካላየሁ አልፈርድም" አሉ። ኢዘዲን ቆቡን አወለቀ፣ ወደ ላይ አነሳ፣ ወደ ታች ጣለ። ሰባቱም ተነሱ።

የመጀመሪያው ዙር ሲያምር! ጅረኛ ከፊት፣ ቴዎ ጎማ ለጎማ ተከትሎት፣ ሌሎቹ በሰልፍ። ማንም ዘወር አላለም። መምህሩ እንኳ ጆሯቸውን ለመያዝ ያነሱትን እጅ መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

በሁለተኛው ዙር በአጥሩ ቀዳዳ አንዲት ፍየል ገባች። ከኒሙ አለፍ ብላ መንገዱ መሃል ቆመች። ወይዘሮ ጠጂቱ አዩዋት። ሞተሮቹ ወደ እሳቸው እየመጡ ነው። ሴትዮዋ ደንግጠው ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

ጅረኛ ፍየሏን አላየም። ያየው የተነሳውን እጅ ብቻ ነው። ፍሬን ያዘ፣ አቧራውን አስነሳ፣ ከእግራቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የኋላውን ወንበር በመዳፉ ጠረገ።

"ወዴት ነዎት እማማ?"

ቴዎ ደረሰ፤ እሱም ፍሬን ያዘ። "ጅሬ፣ ተው እንጂ! አንተ ጠዋት ሁለት ሰው ጭነሃል፣ ተራው የኔ ነው!"

"እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋቸው!"

ሦስተኛው መጣ። "እማማ፣ በእኔ ይሂዱ። እኔ ትርፍ ሄልሜት አለኝ፣ አዲስ ነው፣ አይሸትም።"

አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ሁሉም። ሰባት ሞተር ወይዘሮ ጠጂቱን ከብቦ ቆመ። እንደ መናኸሪያ ተጨቃጨቁ። ፍየሏ ሣሯን እየጋጠች ሄደች።

ኢዘዲን መሬት ላይ ቁጭ አለ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "አለቀ ኦሊ። ሳምንት ሙሉ አህያ ነው ያሠለጠንኩ። አለቀ።" ለእኔም ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጅረኛን ከአስፋልቱ የመለሰው የኢዘዲን ቃል ብቻ ነው። ሰኞ ሳምንት ጾም ይገባል።

ከዚያ ሳቅ ሰማን። ወይዘሮ ጠጂቱ ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። "ወዴት ልሂድ ልጆቼ? እናንተ እኮ ልትሽቀዳደሙ ነው የመጣችሁት!"

ጅረኛ ያን ጊዜ ገባው። ግንባሩን በጥፊ መታ። "ወይኔ! ረሳሁት!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሞላ የያዘው ወረቀት ከእጁ ወድቆ በነፋስ ሲሄድ ማንም አላነሳለትም፤ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ነበር። ሲረጋጋ፣ ሞላ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ኒሙ ሄደ።

"ወይዘሮ ጠጂቱ፣ እንግዲህ ውሳኔው በእርስዎ ጥያቄ ላይ ነው የቆመው። ምን ይላሉ?"

"ስንቱ ነው የቆመው?" አሉት።

"ሰባቱም።"

"አንድ እንኳ አልፎኝ የሄደ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? እኔ የፈራሁት እጅ አይቶ የማይቆም ሞተር ነው። እነዚህ ልጆች ልባቸው እሽቅድምድም ላይ ሆኖ እንኳ እጅ ሲያዩ ይቆማሉ። ይፈቀድ!"

መምህሩ ከኋላ፣ "ኧረ ይሄ ምኑ ውድድር ነው?" አሉ።

"አንተስ የፈለግከው ጸጥታ አልነበረም?" ብለው ወይዘሮ ጠጂቱ ወደ ኮሚቴው ዞሩ። "ግን ሁለት ነገር ጻፉልኝ። አንደኛ፣ ያ የአጥር ቀዳዳ ይደፈን። ሁለተኛ፣ በውድድሩ ቀን በየዛፉ ሥር አንዲት የእድራችን ሴት ትቆማለች። እጇን ካነሳች ሁሉም ይቆማል።"

ሞላ ወረቀቱን ከሣሩ ላይ ለቅሞ ጻፈ። ኢዘዲን አሁንም መሬት ላይ ነበር። ትከሻውን ነካሁት።

"ተነስ። ተፈቀደ።"

"አትቀልድ ኦሊ።"

"ተፈቀደ ስልህ!"

ቀና ብሎ አየኝ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ልጆቹን አየ። ከዚያ ሳቁ ጀመረው። የመጀመሪያዋ ሳቅ ሳል ትመስል ነበር። በኋላ ግን ማቆም አቃተው፤ ሣሩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሳቀ።

"አሁን ማን ነው ቤቴ የሚያደርሰኝ?" አሉ ወይዘሮ ጠጂቱ። ሰባቱም ሞተር ባንዴ ተነሳ። ኢዘዲን ግን ዘሎ የጅረኛን ሞተር ቀማ።

"እናቴ፣ በእኔ ትሄዳለህ!"

በማግስቱ ሴትዮዋ እንዳሙት ከሆነ በጣም ቀስ ብሎ ከመንዳቱ የተነሳ የአህያ ጋሪ ቀድሟቸው ሄዷል።

ውድድሩ የካቲት 30፣ ቅዳሜ፣ ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት በኋላ ሆነ። ከሸርቆሌ፣ ከኩርሙክ፣ ከባምባሲ ሰው መጣ። ሁለቱም ጾም ሰኞ ስለሚገባ ሁሉም የቅበላ ምሳውን በልቶ፣ ጠግቦ፣ ደስ ብሎት ነው የመጣው። ሞላ በድምፅ ማጉያ፣ "የተከበራችሁ ተመልካቾች! ማጨብጨብ ይቻላል፣ እልል ማለት ይቻላል፤ እጅ ማንሳት ግን ክልክል ነው!" እያለ ለፈፈ። ሽማግሌዎች እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ደብቀው ጮኹ። አንድ የኩርሙክ ሰው ግን በሦስተኛው ዙር የአጎቱን ልጅ ከማዶ አይቶ በደስታ እጁን ሲያውለበልብ ሦስት ሞተር ፊቱ ቆመ። ጎረቤቶቹ ይዘው እጁን አወረዱት። በመጨረሻ ቴዎ አሸነፈ። ጅረኛ ሁለተኛ ወጣ፤ ያዘገየኝ ያ የኩርሙክ ሰው ነው ይላል እስከ ዛሬ።

ሕዝቡ ሲበተን ኢዘዲን ወደ ጅረኛ ሄደ። "ጾም አልገባም። ቦታ አመጣሁ። እኔ ሰው ነኝ?"

ጅረኛ ሄልሜቱን አውልቆ ራሱን አከከ። "ሰውስ ነህ። ማርሚታዬን ግን ወደ ድሮው መልስልኝ።" ተቃቅፈው ሳቁ። በአቧራ ነጭ ሆነው ነበር ሁለቱም።

ኢዘዲን በዚያው ዓመት ነሐሴ 19 ቀን በጉበት ሕመም አረፈ። ሞተረኞቹ አስከሬኑን እስከ ሸርቆሌ ድረስ አጅበው ሄዱ። በየካቲት 2017 ውድድሩ በዚያው መናፈሻ ተደገመ፤ አሥራ ዘጠኝ ሞተረኛ ተመዘገበ።